ሰማዩ ጉራ አይወድም

ወዳጄ፣ የጦር ቪዲዮ ከምታሸራሽርበት ላይ አንድ አምስት ደቂቃ ቀንሰህ ይህችን ስማኝ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1942፣ ካሊፎርኒያ ሰማይ ላይ አንድ ዲሲ-3 የመንገደኞች አውሮፕላን እየበረረ ነበር። በዚያው አቅጣጫ አንድ ወታደራዊ ቦምብ ጣይም ይበራል። የቦምብ ጣዩ አብራሪና የመንገደኛው ረዳት አብራሪ ይተዋወቃሉ፤ አየር ላይ ከተገናኘን ሰላም እንባባላለን ተባብለው ነበር። ወታደሩ ክንፉን አወዛወዘ። መልስ አጣ። ጠጋ አለ። ፕሮፔለሩ የመንገደኛውን ጭራ ቆረጠው! ዲሲ-3 ውስጥ የነበሩት 12 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ቦምብ ጣዩ በሰላም አረፈ፤ አብራሪው ለጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ ወጣ።

ጠላት የለ፣ ጥይት የለ። "እየኝ" ማለት ብቻ።

በዚያ ጦርነት የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል እዚያው አገሩ ውስጥ፣ በሥልጠናና በመሰል በረራ አደጋ፣ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች አጥቷል። አዎ፣ 15 ሺህ፤ ግንባር ሳይደርሱ። ስለነሱ ማን ፊልም ሠራ?

የኛም ታሪክ ሁለቱንም ዓይነት ሰው ያውቃል። ሁበርት ጁሊያን የሚባል ጥቁር አብራሪ ነበር፤ "የሃርለሙ ጥቁር ንስር" እያሉ ይጠሩታል። ልብሱ፣ ወሬው፣ ጋዜጣ ላይ አወጣጡ ለጉድ ነው። በ1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ በዓል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የጃንሆይን አዲስ አውሮፕላን አንሥቶ ከሰከሰው። ከአገርም ተባረረ። ዛሬ ቢኖር፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ከሁላችንም በላይ ተከታይ ይኖረው ነበር።

ሌላው ጆን ሮቢንሰን ነው። ሚሲሲፒ ያደገ፣ ቱስኬጊ መካኒክነት የተማረ፣ ቺካጎ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በጥቁርነቱ አንቀበልህም ሲሉት እዚያው ጠራጊ ሆኖ ገብቶ ትምህርቱን ከጀርባ ቆሞ ያዳመጠ ሰው። በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አድዋን በቦምብ ሲደበድብ እዚያው ነበር። ኮሎኔል ተብሎ የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆነ። አየር ኃይል ስልህ ግን በጣት የሚቆጠሩ፣ መሣሪያ ያልታጠቁ፣ ግማሾቹ የማይነሡ አውሮፕላኖች ናቸው። በነዚያ መልእክትና መድኃኒት ያመላልስ ነበር። የጣሊያን ተዋጊ ሲመጣበት ማምለጫው ደመናና ሸለቆ ነው፤ የሚተኩስበት ነገር የለውማ!

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። የመጣውም ሐውልት ይቁምልኝ ብሎ ሳይሆን የኛን ልጆች ማብረር ሊያስተምር ነው። ኋላ ከስዊድናዊው ካውንት ፎን ሮዘን ጋር ተጣልቶ መታሰሩንም ልንደብቀው አይገባም። ለአገራችን የሠራን ሰው እንዴት እንደምንይዝ እኛው እናውቃለን። መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. አረፈ፤ በአነስተኛ የልምምድ አውሮፕላን መከስከስ ተቃጥሎ። ደም ለማድረስ ነበር የበረረው እየተባለ ይነገራል። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ ነው። በ1928 ጣሊያን ሲያባርረው የኖረ ሰው ከጣሊያናዊ ጋር በአንድ አውሮፕላን! መቃብሩ ጉለሌ ነው።

አሁን አንዳንዱ "በጦር ሜዳ አልሞተም እኮ" ይለኛል። እኔ አልቀበልም። ሲያስተምር፣ ሲለማመድ፣ ደም ሲያመላልስ የሞተን ሰው ከተኳሹ አሳንሰህ የምታይ ከሆነ፣ የምትወደው ጭሱን እንጂ አገሩን አይደለም።

አንተ የደምበጫ ልጅ ደግሞ ሩቅ አትሂድ። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያፈገፍገው የጣሊያን ጦር፣ ብረት ለበስ መኪና ይዞ፣ እዚሁ ደምበጫ አጠገብ ከአንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተፋጠጠ። ቁጥሩ የኛን ብዙ እጥፍ ነበር። ሻለቃው በስደት ቆይተው፣ ሠልጥነው የተመለሱ ሰዎች ነበሩበት። ብዙ ሰው ወደቀ፤ የጠላት ብረት ለበሶችም ተመቱ። እነዚያ ሰዎች ያን ቀን የቆሙት በፉከራ ብቻ ይመስልሃል? ፉከራ መች አነሰን! አነጣጥሮ መተኮስን፣ ትእዛዝ መስማትን ከወራት በፊት አንድ የተቆጣ አሠልጣኝ አስተምሯቸው ነው። የዚያ አሠልጣኝ ስም ማን እንደሆነ እስቲ ንገረኝ።

አልነገርከኝም። እንግዲያው ይህን እንሥራ፦ ቡሬም ሁን ፍኖተ ሰላም፣ ጂጋም ሁን ደምበጫ፣ ቤትህ ያሉትን አዛውንት ዛሬ ማታ ጠይቅ። የገደለውን ሳይሆን ያስተማረውን፣ ቁስለኛ የተሸከመውን፣ ስንቅ ያደረሰችውን። ስማቸውን ከነቀበሌያቸው ጻፍልን፤ እኛም ከሮቢንሰን ፎቶ ጎን እንለጥፋለን።