ደስ ይላል፤ ግን ይከብዳል

«ደስ ይላል፤ ግን ይከብዳል።» ግጥሙን ለወዳጁ ያስነበበ ሰው ሁሉ ይህችን ፍርድ ሳይሰማት የቀረ አይመስለኝም። ጨዋ ፍርድ ናት። ተቀባዩን አታስቀይምም፤ ሰጪውንም ከጭቅጭቅ ታድነዋለች። እኔም ስሰጣትና ስቀበላት ኖሬአለሁ። ሰሞኑን ግን ከማልጠብቀው ስፍራ፣ ስለ አንድ የእጅ ጌም ከተጻፉ ግምገማዎች ውስጥ አገኘኋትና ከራሴ ጋር ተጣላሁ።

በግጥም ወዳጆች መካከል ስለ ጌም ማውራቴ ግር ቢላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ጌም የልጆች ነው ከሚሉት ወገን ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ ማጠፊያው የላላ አሮጌ ኒንቴንዶ ዲኤስ ትቶልኝ ሄደ። ከነካርዱ ነበር፤ ካርዱም አንድ ብቻ፦ «ሄንሪ ሃትስዎርዝ ኢን ዘ ፐዝሊንግ አድቬንቸር»። ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውልና ማታ ከዚህ ሽማግሌ ጋር ስዳረቅ አመሻለሁ።

ጌሙ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 ለገበያ የቀረበ ነው። የሠራው ኢኤ ቲቡሮን የተባለው የፍሎሪዳ ስቱዲዮ ሲሆን፣ ይህ ቤት ይበልጥ የሚታወቀው «ማደን» በተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ጌም ነው። ንድፉን የመራው ካይል ግሬይ ነበር። ግሬይ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2005 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሙከራ ጀምሮ ነበር፤ እያንዳንዱ ጌም በአንድ ሰው ብቻና ከሰባት ቀን ባነሰ ጊዜ ተሠርቶ እንዲያልቅ። በአንድ ወሰነ ትምህርት ከሃምሳ በላይ ሠሩ። (በሰባት ቀን አንድ ስንኝ ማቅናት ለሚያቅተኝ ለእኔ ይህ ተግሣጽ ነው።)

ጨዋታው እንዲህ ነው። ዲኤስ ሁለት ስክሪን አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በላይኛው ባለ ባርኔጣው እንግሊዛዊ አሳሽ ሄንሪ ሃትስዎርዝ ይዘልላል፣ ይመታል፣ ይተኩሳል፤ ፍለጋው አንድ የወርቅ ልብስ ነው። በታችኛው ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ ጡቦች ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ተጫዋቹ ጎረቤታሞቹን ቦታ እያቀያየረ ሦስት አንድ ዓይነት ሲያገጣጥም ይጠፋሉ። እስከዚህ ድረስ ሁለት የታወቁ ጨዋታዎች በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ነው። ጉዱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከላይ የገደላችሁት ጠላት አይሞትም፤ ጡብ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። በጊዜ ካላጠፋችሁት ከሌሎቹ ጡቦች ጋር እየተገፋ ይወጣና የጣሪያውን ጫፍ ሲነካ ተመልሶ ከላይ ያጠቃችኋል። ወደ ታች ስትወርዱ የላይኛው ዓለም ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ ነገር ግን ከታች የምትቆዩበት ጊዜ የተሰፈረ ነው። ወደ ላይ ስትመለሱ ደግሞ ታችኛው አይቆምም።

እኔ ይህን ኑሮ አውቀዋለሁ። በመስኮቱ የደንበኛው ፊት አለ፤ ፈገግ ማለት አለብኝ። ከሥር ደግሞ መሳቢያው አለ። ረፋድ ላይ በችኮላ ያለፍኩት ስህተት ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ጉድለት ሆኖ ይወጣል።

ጌሙ ሲወጣ ገምጋሚዎች በጎ ተቀበሉት። የሽማግሌው ወግ አጥባቂነት፣ ቀልዱ፣ ሁለቱ ጨዋታዎች የተጋጠሙበት ብልሃት ተመሰገነ። ቀጥሎ ግን ያቺ «ግን» መጣች፦ ወደ መጨረሻው ሲደረስ እጅግ ይከብዳል፣ ያበሳጫል። ብዙዎቹ ግምገማዎች ሂሳባቸውን የሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ውበቱን ደመሩ፣ ክብደቱን ቀነሱ፣ የተረፈውን ነጥብ አድርገው ሰጡ።

ጠቤ ከዚህ ቅነሳ ጋር ነው። ውበቱ ከምን ተሠራ ብሎ የጠየቀ ሰው ክብደቱን በቀላሉ ቀንሶ አይሄድም። የሄንሪ ሃትስዎርዝ ቀልድ ምን እንደሆነ አስቡት። ጥቂት ጡብ አጥፍታችሁ የኃይል መለኪያው ሲሞላ ታችኛውን ስክሪን ትነካላችሁ፤ ሽማግሌው ያን ሁሉ ጭራቅ ከነጥድፊያው ትቶ ሻይ ይጠጣል። ሻይ! ከዚያ በኋላ ግዙፍ ሮቦት ውስጥ ገብቶ ያገኘውን ሁሉ ያደቅቃል። መጀመሪያ ላይ፣ ጠላቶቹ ሁለትና ሦስት በነበሩበት ምዕራፍ፣ ይህን አይቼ ፈገግ ብዬ አልፌአለሁ። ኋላ ግን ከላይ ተከብቤ፣ ከታች ጡቡ ጣሪያ ሊነካ አንድ ረድፍ ሲቀረው ሻዩ ሲመጣ ብቻዬን በሌሊት ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። ሻዩ ያው ሻይ ነው፤ የተለወጠው እኔ ያለሁበት ጭንቅ ነው። የዚህ ሰው ውበት እርጋታው ነው፤ አደጋ በሌለበት ደግሞ ማንም ይረጋጋል። ጌሙን አቅልላችሁ ብትሠሩት የሚቀርላችሁ ባርኔጣው ብቻ ነው።

እንዲህ ስል ገምጋሚዎቹን ሁሉ ሐሰተኛ ማድረጌ አይደለም። እነርሱ ቀነ ገደብ አለባቸው፤ በጥቂት ቀናት ተጫውተው መጻፍ አለባቸው። እኔ አንዱን ምዕራፍ ለሳምንት ብሸነፍበት የሚጠይቀኝ የለም። የዲኤሱን ክዳን ስዘጋው ሽማግሌው ባለበት ቆሞ ይጠብቀኛል። አንድን ከባድ ሥራ በጥድፊያ የበላ ሰው ያልፈጨውን ክብደት በሥራው ላይ መጫኑ ያለ ነው።

ደግሞም ከክሳቸው የምጋራው አለ። በዚህ ጌም ውስጥ ሁለት ዓይነት ክብደት አለ። አንደኛው ያስተምራል፤ ስትሸነፉ ለምን እንደተሸነፋችሁ ታውቃላችሁ፣ ወደ ታች የወረዳችሁት ዘግይታችሁ ነበር፣ በሚቀጥለው ትቀድማላችሁ። ሁለተኛው ግን ዝም ብሎ ያስረዝማል። ያው ጠላት፣ ያው ክፍል፣ ቁጥሩ ብቻ ጨምሮ ይመጣል። ለዚህኛው ጥብቅና አልቆምም። የጎደለው «ከባድ» ያሉት ሰዎች የትኛውን እንደሆነ መለየታቸው ነው።

በእኛ ቤትም ይኸው ነው። ቅኔ ያቆየልን ትልቅ ትምህርት መድከም የሚያስገኘውን ደስታ ነው፤ ወርቁ የሚጣፍጠው ሰሙን ያቀለጠው ሰው ስለደከመ ነው። ነገር ግን ያልበሰለ ስንኝ ይዘን «አልገባህም እንጂ ወርቅ አለው» እያልን የምንመጻደቅ ጥቂቶች አይደለንም። ያ ሁለተኛው ክብደት ነው። ሐያሲ ያስፈለገን ሁለቱን እንዲለይልን ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት በደብተር የጻፈቻቸውን አሥራ ስድስት ግጥሞች አምጥታ አስተያየት ጠየቀችኝ። ከሳምንት በኋላ ደብተሩን ስመልስላት በውስጥ ሽፋኑ ላይ በእርሳስ የጻፍኩት ያችኑ ነበር፦ «ደስ ይላል፤ ግን ይከብዳል።» አነበበችውና ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ የትኛው ነው የከበደዎት?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያነበብኩት በታክሲ ውስጥ፣ ቆሜም ተቀምጬም፣ እስከ ዘጠነኛው ድረስ ብቻ ነበር። «በጥቅሉ ነው» አልኳት። አንገቷን ነቅንቃ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ከዚያ ወዲህ ግጥም አላሳየችኝም። አልፎ አልፎ ገንዘብ ልታወጣ ስትመጣ በመስኮቱ ሰላም እንባባላለን። እየጻፈች እንደሆነ ልጠይቃት እፈልግና ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ አይቼ እተወዋለሁ።

ስለዚህ «ሄንሪ ሃትስዎርዝ» ከመቶ ስንት ይገባዋል ብትሉኝ ዛሬ አልመልስም። አልጨረስኩትም። ዘጠኝ ሌሊት የተሸነፍኩበት አንድ ምዕራፍ አለ። ትናንት ማታ ከታች ሁለት ረድፍ ሲቀረኝ ሻዩ ደርሶልኝ ነበር፤ እጄ ተንቀጥቅጦ ስክሪኑን ሳልነካው ቀረሁ። ዛሬ ማታ እመለስበታለሁ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ደግሞ ያች ልጅ ወደ መስኮቴ ብትመጣ፣ ሰልፉ ቢረዝምም፣ አሥረኛውን ግጥም እንድታነብብልኝ እለምናታለሁ።