የሱፐርቻርጀር ሞተር ኃይል ለስንት ደቂቃ?

በሱፐርቻርጀር የሚታገዝ የስፖርት መኪና ለገበያ ሲቀርብ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው የፈረስ ጉልበቱ ነው። አኃዙ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም የሚመልሰው ጥያቄ ጠባብ ነው። በአሜሪካ የሚሠራበት የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር መስፈርት፣ ጄ1349፣ በዳይናሞሜትር ላይ የተለካውን የሞተር ኃይል በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና በ99 ኪሎፓስካል ደረቅ የአየር ግፊት ሊገኝ ወደሚችለው መጠን አርሞ ያስቀምጣል። የሚፈተነው ሞተሩ ነው፤ የመኪናው አፍንጫ፣ ኮፈኑና የራዲያተሮቹ አቀማመጥ በፈተናው ውስጥ የሉም። ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ሞተር ግን ኃይሉ በሙቀት አወጋገድ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ያ ኃይል ለስንት ደቂቃ እንደሚዘልቅ ሳይገለጽ የሚሰጥ አኃዝ ገዢንም ተመራማሪንም ያሳስታል።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በ25 ዲግሪ የሚገባ አየር ግፊቱ 1.7 እጥፍ ሲሆን፣ ምንም ብክነት የሌለበት መጭመቂያ እንኳ ሙቀቱን በ49 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የመጭመቂያው ብቃት 65 በመቶ ከሆነ ጭማሪው 75 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ አየሩም በ100 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ይወጣል። በሰከንድ ግማሽ ኪሎ ግራም አየር የሚያልፍ ቢሆን ይህ ሙቀት 38 ኪሎዋት፣ ማለትም 50 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ቺንጋው ይህን ኃይል ከክራንክ ሻፍቱ ይወስዳል፤ ሱፐርቻርጀሩ በአየሩ ውስጥ ያስገባዋል፤ ኢንተርኩለሩ ደግሞ አብዛኛውን መልሶ ማውጣት ይጠበቅበታል። ኢንተርኩለሩ ሲያቅተው፣ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ጥግግቱ በ3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከዚህ የሚከፋው ግን ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በሲሊንደሩ ውስጥ በራሱ መፈንዳቱ፣ መካኒኮች ማንኳኳት የሚሉት ነገር ነው። ይህን ለመከላከል የሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል፤ ኃይሉ ይወርዳል፣ የሚወጣው ጭስ ሙቀት ይጨምራል። ነጂው የሚረዳው መኪናው መድከሙን ብቻ ነው።

በውሃ የሚሠራ ኢንተርኩለር ሙቀቱን ወዲያው ለውጭ አየር አያስረክብም፤ አስቀድሞ በዑደቱ ውስጥ ባለው ውሃ ያከማቸዋል። 5 ሊትር የውሃና የግላይኮል ድብልቅ 25 ኪሎዋት ሙቀት ቢቀበልና ምንም ባያስወጣ፣ በየሰከንዱ ከ1 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ለ10 ሰከንድ ድንቅ የሆነ ሥርዓት ለ10 ደቂቃ ላይበቃ የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው። ሙቀትን ማከማቸትና ሙቀትን ማስወገድ ሁለት የተለያዩ የምህንድስና ጥያቄዎች ናቸው።

የእ.ኤ.አ. 2018 ሞዴሉ ዶጅ ዴመን የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ መርጦ መልሷል። ለሩብ ማይል የድራግ ውድድር የታሰበ በመሆኑ፣ የተሳፋሪዎቹን አየር ማቀዝቀዣ ጋዝ ወደ ኢንተርኩለሩ ውሃ አዙሮ ያቀዘቅዘዋል። ነጂው ላብ በላብ ይሆናል፣ ሞተሩ ግን ቀዝቅዞ ይነሣል። የጊዜ ገደቡን ያልደበቀ ዲዛይን ስለሆነ ሐቀኛ ሊባል ይገባዋል።

የሸቭሮሌት ኮርቬት ጉዞ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። በ2009 ሞዴሉ ዜድአር1 ላይ የተገጠመው የኢተን ሱፐርቻርጀር 2.3 ሊትር ነበር። የ2015ቱ ዜድ06 ሲመጣ መጠኑ ወደ 1.7 ሊትር ወረደ፤ ሮተሮቹ በደቂቃ እስከ 20,000 ዙር እንዲሽከረከሩ ተደረገ፤ የሞተሩ ኃይልም 650 የፈረስ ጉልበት ተባለ። ትንሽ ሮተር ዝቅ ባለ ኮፈን ሥር ይመቻል፣ ፈጥኖም ይነሣል። በትራክ ላይ ግን ባለቤቶቹ መኪናው ከመጠን በላይ ይሞቃል፣ ኃይሉንም ይቀንሳል እያሉ አማረሩ፤ ጉዳዩ በ2017 እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ። አምራቹ ለ2017 ሞዴል በኮፈኑ ላይ ያሉትን የአየር መውጫዎች አሰፋ፣ የሱፐርቻርጀሩንም ክዳን ቀየረ። የ2019ኙ ዜድአር1 የሄደበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ሱፐርቻርጀሩ 2.65 ሊትር ሆነ፤ ትልቅ ሮተር ያንኑ አየር በዝግታ እየዞረ ስለሚያደርስ የሚፈጥረው ሙቀት ያንሳል። የሙቀት መለዋወጫዎቹ ቁጥር 13 ደረሰ። ኮፈኑ ተቀድዶ የሞተሩ አናት ወደ ውጭ ወጣ፤ ለ755 የፈረስ ጉልበት ሲባል የመኪናው መልክ ሳይቀር ዋጋ ከፈለ። ዜድ06 ላይ የሮተሩን መጠን የወሰነው የኮፈኑ ከፍታ ከነበረ፣ እዚህ ኮፈኑን የወሰነው ሙቀቱ ነው፤ መሆን የነበረበትም ይኸው ነው።

ተራ ነጂ ሙሉ ኃይሉን ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይጠቀምም የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። እውነት ነው። ነገር ግን መኪናው ለትራክ ተብሎ ሲሸጥ ይህ መልስ አይሆንም። ቱርቦ ይተካው የሚሉም አሉ፤ ቱርቦ የመንጃ ኃይሉን ከጭሱ ስለሚያገኝ የቺንጋውን ወጪ ያስቀራል፣ የተጨመቀው አየር ሙቀት ግን ባለበት ይቆያል።

የሚያስፈልገው አሠራር አዲስ ፈጠራ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 85 ለኤሌክትሪክ መንጃ ሞተሮች ከከፍተኛው ኃይል ጎን የ30 ደቂቃ ኃይል እንዲለካ ይጠይቃል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሞቅ እንደሚደክም ደንብ አውጪዎቹ ተቀብለዋል። ሱፐርቻርጀር ላለው የቤንዚን ሞተር ተመሳሳይ መለኪያ፣ ለምሳሌ በ35 ዲግሪ የውጭ ሙቀት ከ20 ደቂቃ የትራክ ጉዞ በኋላ የሚቀረው ኃይል፣ የማይጠየቅበት በቂ ምክንያት የለም። የድኅረ ምረቃ ጥናቶችም ከዚሁ መጀመር ይችላሉ። ከኢንተርኩለሩ የሚወጣውን አየር ሙቀት ቋሚ ቁጥር አድርጎ የሚነሣ ሞዴል፣ ሊመረምረው የሚገባውን ነገር ገና ከመነሻው እንደተፈታ ይቆጥራል። የውሃውን ሙቀት ከጊዜ ጋር የሚለዋወጥ አድርጎ መጻፍ የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ዲፈረንሻል እኩልታ ነው።