ጋምቤላን ለውዝዋዜ ብቻ?

ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ውጭ ስላሉ ምርጥ ባንዶች ወሬ ሲነሣ እኛም አፋችንን ሞልተን የምንጠራቸው አሉን፤ ዋልያስ፣ ሮሃ፣ አይቤክስ፣ ዳህላክ። ቅርብ ዘመን ላይ ደግሞ «ኤርታሌ»ን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ጃኖ አለ፤ የሮክ ጊታርን ከሀገር ዜማ ጋር በድፍረት አጋጥሟል። ኩራቱ ይገባናል። ከኩራቱ ጋር ሳንመረምር የተቀበልነውን ሐሳብ ግን እኔ አልቀበለውም። «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ማለት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ነው፤ የቀረው ውዝዋዜ ነው» የሚለውን ማለቴ ነው።

በዚህ ሐሳብ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ጋምቤላ ናት። በመድረክም በቴሌቪዥንም የብሔረሰቦች ቅንብር ሲቀርብ የጋምቤላ ተራ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ኪቦርዱ አንድ የተለመደ ምት ይለቃል፤ የአዲስ አበባ ተወዛዋዦች ነብርማ ጨርቅ አገልድመው፣ ፊታቸውን ተቀብተው ጥቂት ይዘላሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ልብስ። አኝዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ በአንድ «የጋምቤላ ምት» ይጨፈለቃሉ። የኑዌር ጎረምሳ ለበሬው የሚያዜመው ውዳሴ ከአኝዋክ ዘፈን ምን እንደሚለየው የሚጠይቅ የለም። ይህን ማክበር ይሉታል፤ ለእኔ ንቀት ነው።

አኝዋኮች ቶም የሚባል መሣሪያ አላቸው። በእንጨት ሣጥን ላይ የብረት ምላሶች ተደርድረው በሁለት አውራ ጣት የሚመታ ነው። አንደኛው ጣት ከሥር ተደጋጋሚ ዜማ ይዞ ሲሄድ ሌላው በላዩ ይመላለሳል፤ ተጫዋቹም እየመታ ያዜምበታል። ቤዙም፣ ምቱም፣ ዜማውም በአንድ ሰው መዳፍ ውስጥ አለ ማለት ነው። አሥረኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ሲከበር ሀገር በሙሉ ወደ ባሮ ወንዝ ዳር አቅንቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቶም ተጫዋችን ቋሚ አባል ያደረገ አንድ ስመ ጥር የአዲስ አበባ ባንድ እስቲ ጥሩልኝ።

ቶም ለዘመናዊ ባንድ አይመችም የሚል ካለ ወደ ኪንሻሳ ይመልከት። ኮኖኖ ቁጥር አንድ የሚባለው ባንድ የቶም ዘመድ የሆነውን ሊኬምቤን ከአሮጌ መኪና ዕቃ በወጣ ማግኔት ድምፁን አጉልቶ፣ ከኤሌክትሪክ ጊታር የማይተናነስ የሻከረ ጩኸት አወጣለት። የአይስላንዷ ብዮርክ እ.ኤ.አ. በ2007 አልበሟ ላይ አብረዋት እንዲጫወቱ የጋበዘችው እነሱን ነው። የሰሜን ማሊ ቱዋሬጎች ባንድ ቲናሪዌንም በገዛ ቋንቋው እየዘፈነ እ.ኤ.አ. በ2012 የግራሚ ሽልማት ወስዷል፤ ዋና ከተማው እስኪፈቅድለት አልጠበቀም።

«አድማጩ ቋንቋው አይገባውም» የሚለውን ሰበብ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ሱዳናዊውን ዘፋኝ ሙሐመድ ወርዲን ዓረብኛ ሳያውቅ አብሮ ሲያዜም የኖረ ሕዝብ ኑዌርኛና አኝዋክኛ የማይዋጥለት ለምንድን ነው? በልጅነቱ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ ኢትዮጵያ የገባው ዘፋኝ ኢማኑኤል ጃል ኑዌር ነው። በጋምቤላዎቹ ላሬና ጂካዎ የሚነገረውን ቋንቋ ከዓረብኛ፣ ከስዋሂሊና ከእንግሊዝኛ ጋር ቀላቅሎ ሲዘፍን መጀመሪያ የሰማችውና ያነገሠችው ናይሮቢ ናት። አዲስ አበባ ለጋምቤላ ይበልጥ ቅርብ ሆና ሳለ ሳትሰማው ቀርታለች።

የኢትዮ ጃዝ አባት የምንለው ሙላቱ አስታጥቄ ራሱ በቃለ መጠይቆቹ ደጋግሞ የሚያነሣው የደራሼዎችን የዋሽንት ሙዚቃ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች ውጭ ብዙ ዕውቀት እንዳለ እየመሰከረ። ስሙን እንጠራለን፣ ነገሩን አንሰማውም።

ደግሞም የራሳችንን ሀብት ሌላ ሰው እስኪያሳየን መጠበቅ ልማዳችን ሆኗል። የአዲስ አበባን የድሮ ሸክላዎች «ኢትዮፒክስ» ብሎ ለዓለም ያደረሰው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ዓመታት አለፉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ካሴቱን እንደገና ያሳተመው አሜሪካዊ ነው። የቶም ተጫዋቾችንም እንዲሁ የውጭ ሰው መጥቶ እስኪያገኛቸው ነው የምንጠብቀው? ሽማግሌ ተጫዋች ግን አይጠብቅም፤ ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ የባንድ መሪዎች፣ የዝግጅት አዘጋጆች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ሥራችሁ ላይ ጋምቤላን ስታስቡ ቶም ተጫዋቹን ከነመሣሪያው ጥሩት። ስሙን በአልበሙ ላይ ጻፉ፤ ለጊታር ተጫዋቹ የምትከፍሉትን ክፈሉት፤ በገዛ ቋንቋው ይዝፈን። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ካልሆናችሁ የጋምቤላን ስም ከዝግጅታችሁ አውጡ።