መወልወል ሌላ፥ ሰም መቀባት ሌላ



ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ መንገድ ላይ አገኘኝና፥ «ከብዙ ቁጠባና ከዘመድ ብድር በኋላ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ገዛሁ፤ ነገር ግን ቀለሟ ደብዝዟል። ለሰው ከምከፍል ራሴ ቤቴ ውስጥ ብወለውላት ምን ይመስልዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «መልካም ነው፤ ግን አስቀድመህ የኔን ጥፋት ስማ» አልሁት። ለሱ የነገርሁትን ለእርስዎም መንገር ይገባኛል ብዬ ዛሬ ብዕሬን አነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪ ሳለሁ የማድረው አጎቴ ቤት ነበር። አጎቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት የሚያገለግሉ፥ ከደመወዛቸው በየወሩ እየቆጠቡ አንዲት ሰማያዊ ቮልስዋገን የገዙ ሰው ነበሩ። አንድ ዓመት የቤታቸው ጣራ እያረጀ ማፍሰስ ስለ ጀመረ፥ ቮልሷን ሸጠው ቤቱን ለማደስ ቈረጡ። ገዢውም ቅዳሜ መጥቶ ሊያያት ቀጠሮ ያዘ። እኔ ደግሞ የብዙ ዘመን ውለታቸውን በአንድ ቀን የምከፍል መሰለኝ። ዓርብ በጠራራው ፀሐይ ግቢው መካከል አቁሜ በልብስ ሳሙና አጠብኋት፤ ከዚያም ከአንድ ጋራዥ ለምኜ ያመጣሁትን ሻካራ መወልወያ በጨርቅ እየነካሁ ኮፈኗን መፈተግ ጀመርሁ።

ጥቂት ቈይቶ ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። «አቤት፥ የእድፉ ብዛት!» ብዬ እጄን አበረታሁ። ጨርቁ እየጠቈረ ሲሄድ ደስታዬም እየጨመረ ሄደ። በመጨረሻ ግን በኮፈኑ ጠርዝ ላይ የጣት ርዝመት ያህል ግራጫ ነገር ብቅ አለ። ውሃ አፈሰስሁበት፤ አልለቅም አለ። ሳሙና ጨመርሁበት፤ አልለቅም አለ። ለካስ እድፍ ኖሮ አይደለም፤ ከቀለሙ ሥር ያለው የመሠረት ቅብ ነው። በጨርቄ ላይ የተሰበሰበውም እድፍ ሳይሆን የአጎቴ መኪና ቀለም ኖሯል።

ቅዳሜ ገዢው መጣ። ሞተሯን እንኳ ሳያይ ጣቱን በግራጫው ቦታ ላይ አሳለፈና «ይህች መኪና ተጋጭታ የተቀባች ናት» አለ። አጎቴ ቢምሉ ቢገዘቱ አላመናቸውም፤ ዋጋውን ቀነሰ። እሳቸውም ክረምቱ ደርሶባቸዋልና በቀነሰው ተቀበሉ። በዚያ ገንዘብ የጣራው ግማሽ ታደሰ፤ ግማሹ ሲያፈስስ ከረመ። የሚያፈስሰውም በኔ በኩል ሳይሆን በሳቸው መኝታ በኩል ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፤ «አይዞህ ልጄ፥ ያማረላት መስሎህ ነው» ብቻ አሉኝ። ወቅሰውኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ቍም ነገር ይህ ነው፤ መወልወያ ይቀንሳል፥ ሰም ይጨምራል። ብዙ ሰው ግን ሁለቱንም «ፖሊሽ» እያለ በአንድ ስም ስለሚጠራቸው፥ አንዱን በሌላው ቦታ ይጠቀማል።

መወልወያ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆነ መፈተጊያ ዱቄት አለበት። ጭረት ጠፋ ስንል ጭረቱ ተሞላ ማለት አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ቀለም ተፈትጎ ከጭረቱ ወለል ጋር ተስተካከለ ማለት ነው። ፊቱ ለጥ ሲል ብርሃንን እንደ መስተዋት ይመልሳልና መኪናው ያንጸባርቃል። ሰም ግን ከቀለሙ በላይ የሚያርፍ ስስ ልብስ ነው። ጭረት አይፈውስም፤ ነገር ግን ውሃ፥ አቧራና የወፍ ኵስ በቀጥታ ቀለሙ ላይ እንዳይቀመጡ ይከላከላል።

የሚፈተገው ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ ቢያውቁ እጅዎ ራሱ ይሰጋል። የፋብሪካ ቀለም ከመሠረቱ እስከ ላዩ ቢደመር ብዙውን ጊዜ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛው ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ እየተስፋፋ በመጣው አሠራር ደግሞ ከቀለሙ በላይ እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን ይደረባል። የዚህ ሽፋን ውፍረት ከ0.04 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም ከአንዲት የራስ ፀጉር ይሳሳል። ቀለሙን ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፥ ጨረሩ ከቈላው አገር ይልቅ እንደሚበረታ አይርሱ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም ይታወሳል። በእጅ ያለችውን አሮጌ መኪና አክብሮ መያዝ ተገቢ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንግዲያስ ሥራውን በተራ በተራ እንመልከተው። ደኅና ሊስትሮ ጫማውን ሳያጥብ ቀለም እንደማይቀባ ሁሉ፥ እርስዎም ሥርዓቱን አይዝለሉ።

አንደኛ፥ ጊዜና ቦታ። ጧት በማለዳ ወይም ወደ ማታ፥ ከጥላ ሥር ይሥሩ። ቆርቆሮው በእጅ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። በጋለ ቆርቆሮ ላይ መወልወያውም ሰሙም ቶሎ ይደርቃሉ፤ እነሱን ለማንሣት ሲታገሉ አዲስ ጭረት ያተርፋሉ።

ሁለተኛ፥ እጥበት። ሁለት ባልዲ ያዘጋጁ፤ በአንዱ ለመኪና የተሠራ ሻምፖ ይበጥብጡ፥ በሁለተኛው ንጹሕ ውሃ ያኑሩ። በመጀመሪያ በባዶ ውሃ አቧራውን ያውርዱ። ከዚያ በለስላሳ ስፖንጅ ከጣራው ጀምረው ወደ ታች ይጠቡ። ስፖንጁን ወደ ሻምፖው ከመመለስዎ በፊት ሁልጊዜ በንጹሑ ውሃ ያለቅልቁት፤ በስፖንጅ ላይ የቀረ አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃልና። የልብስ ዱቄት ሳሙና ለልብስ ይቅር፤ ቀድሞ የነበረውን ሰም ሙልጭ አድርጎ ያነሣዋል። ናፍጣ በጨርቅ ነክሮ ማበስም ለጊዜው ቢያብረቀርቅ እንኳ ቅባቱ አቧራ ይሰበስባል እንጂ አይጠቅምም። ሲያደርቁ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ውሃውን እየጫኑ ያስመጥጡ፥ አይፈትጉ። ጨርቁ መሬት ከወደቀ ደግሞ ሳይታጠብ አይመልሱት።

ሦስተኛ፥ ምርመራ። እጅዎን በስስ ፌስታል ውስጥ ከተው በደረቀው ቀለም ላይ በቀስታ ያሳልፉ። በባዶ እጅ የማይሰማ ሻካራነት በፌስታል ውስጥ ይሰማል። ከሻከረ፥ የዛፍ ሙጫ ወይም የመንገድ እድፍ ተጣብቆበታል ማለት ነው። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ማጽጃ ጭቃ አለ፤ ቦታውን በሻምፖ ውሃ እያረጠቡ በቀስታ ያንሸራትቱት። ያ ጭቃ መሬት ከወደቀ አሸዋ ይይዛልና ይጣሉት።

ቀጥሎ ከዓይን በተሠወረ ቦታ ጥቂት መወልወያ በነጭ ጨርቅ ይሞክሩ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ፥ እንደ አጎቴ ቮልስ የላይ ሽፋን የሌላት ናት። ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን የጠራው ሽፋን አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ሽፋኑ ቀለም የለውምና ሲሳሳ ጨርቅዎ አይነግርዎትም።

አራተኛ፥ መወልወል፥ ይኸውም ካስፈለገ ብቻ። መኪናው ታጥቦ ሲደርቅ ደኅና ካንጸባረቀ ይህን ምዕራፍ ይዝለሉት። ካስፈለገ በጣም ደቃቁን መወልወያ ይምረጡ፤ ሻካራው ለባለሙያ ይቅር። በአንድ ጊዜ ከ50 ሴንቲ ሜትር በ50 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቦታ ይያዙ፤ በስፖንጅ በቀስታ ይሹ፤ ከዚያ አብሰው ይመልከቱ። በጠርዝና ሹል በሆነ መስመር ላይ ቀለሙ የሳሳ ስለ ሆነ እንዳይነኩት። የጣትዎ ጥፍር የሚሰናከልበት ጭረት ጥልቅ ነው፤ ያን በመወልወል አጠፋለሁ ማለት ቀለሙን ሁሉ እጨርሳለሁ ማለት ነው። እንዲያውም ተወት ያድርጉት፤ ከግራጫ ቦታ ይልቅ አንድ ጭረት ይሻላል።

አምስተኛ፥ ሰም። ለአውቶሞቢል ሰም ከሚሆኑት የታወቀው ካርናውባ ነው፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ይገኛል። «የንብ ሰም በአገራችን ሞልቶ ሳለ ስለ ምን ከብራዚል?» ይሉኝ ይሆናል። መልሱ ሙቀት ነው። የንብ ሰም በ62 ወይም በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፥ ካርናውባ ከ80 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። የጧፉን ሰም ለብቻው አቅልጠው ቢቀቡት በቀትር ፀሐይ ይለሰልስና አቧራ ይይዛል። ዛሬ በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚዘጋጁ ከዚህም ብዙ ጊዜ የሚቈዩ ሰሞች አሉ፤ አቀባባቸው ተመሳሳይ ነው።

ሰም ሲቀቡ ቍጠባ እዚህ ላይ ይሁን፤ በስሱ ይቀቡ። ወፍራም ሰም አይጠቅምም፤ ሲያነሡት ያደክማል እንጂ። ጥቂት ደቂቃ ይታገሡና ጣትዎን በላዩ ያሳልፉ፤ ጣትዎ ያለፈበት መስመር ሳይዝረከረክ ጥርት ብሎ ከታየ ደርቋልና በንጹሕ ጨርቅ ያንሡት። በላስቲክና ቀለም ባልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ግን አይቀቡ፤ ነጭ ምልክት ይተዋል።

ጊዜውስ? ሰም እንደ ዓይነቱና እንደ አያያዙ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ገደማ ይቈያል። ዝናም ሲጥልበት ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከወረደ ሰሙ አለ፤ ተዘርግቶ ከተኛ አልቋል። በግንቦት መጨረሻ ከክረምቱ በፊት፥ በመስከረም ደግሞ ከክረምቱ በኋላ መቀባት መልካም ልማድ ነው። መወልወል ግን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። የወፍ ኵስ ሲያዩ ቅዳሜን አይጠብቁ፤ በእርጥብ ጨርቅ አለስልሰው ወዲያው ያንሡት።

አንባቢ ሆይ! ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ገና መኪና እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን የአባቱን፥ የአጎቱን ወይም የጎረቤቱን መኪና እንዲያጥብ ያልታዘዘ ተማሪ አለን? የሰው ንብረት በእጅ ሲገባ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። የማያውቅ ሰው ጉልበቱን ሲጨምር ጥፋቱም አብሮ እንደሚጨምር እኔ ምስክር ነኝ።

ያ ወጣት ጸሐፊ ባለፈው እሑድ ቶዮታውን ሊያሳየኝ መጣ። አዲስ አልመሰለችም፤ ግን ንጹሕና ደስ የምትል ሆናለች። «ስንት ጊዜ ወለወልሃት?» ብለው፥ «አጥቤ ብመለከታት መወልወል እንደማያስፈልጋት አየሁ፤ ሰም ብቻ ቀባኋት» አለኝ። እኔም የአጎቴን ጣራ እያሰብሁ «ደግ አደረግህ» አልሁት።

በሚመጣው ሳምንት ስለ ጎማ አያያዝ እናወጋለን። እስከዚያው ደኅና ይሰንብቱ።