የአካባቢ ጥናት ካታሎግና የነጋዴው ድካም

የሽሮ ሜዳን የሀገር ልብስ ገበያ የማያውቅ ነጋዴ በጉለሌ አይገኝም። ከዚሁ ገበያ አንድ ወዳጃችን ባለፈው ሰሞን የጥለት ክር ማቅለሚያ ቤት ለማቋቋም አስቦ፣ በቀጨኔ ወንዝ አጠገብ የሚገኝ ግቢ ለመከራየት ተነጋገረ። አስተዋይ ሰው ነውና ቀብዱን ከመክፈሉ አስቀድሞ ስለ ወንዙ የተጠና ነገር መኖሩን ለማወቅ ፈለገ። ማቅለሚያ ቤት ብዙ ውሃ ይጠቀማል፤ የተጠቀመበትንም መልሶ ይለቃል። ከእንጦጦ ግርጌ የሚወርደው ውሃ ከተማውን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚፈስ ስለ ሆነ፣ እላይ የተለቀቀ ቀለም እታች ያለውን አትክልተኛ ሳይነካ አይቀርም። ክስ ቢመጣ ተጠያቂው ማቅለሚያ ቤቱ ነው።

እንግዲህ የአካባቢ ጥናቶች በኢንተርኔት በተዘረዘሩበት በአንድ ካታሎግ አብረን ፍለጋ ጀመርን። «ጉለሌ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ ኤልን በመካከል አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። ሽሮ ሜዳንም አንዱ ያያይዘዋል፣ ሌላው ይነጥለዋል። በአንዱ አጻጻፍ የተገኘው ጥናት በሌላው አይገኝም። በራሳችን ፊደል ብንሞክርም ከችግሩ አልወጣንም፤ ውሃን በሃሌታው «ሀ» የጻፈ ሰው በብዙኃኑ «ኀ» የተጻፈውን «ውኃ» አያገኝምና። «አካባቢ» የሚለው ቃል ደግሞ ሰፈርንም የተፈጥሮ ሁኔታንም የሚያመለክት በመሆኑ፣ ከማንፈልገው ወረቀት ክምር ውስጥ ጣለን።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ በአማርኛው ቁጥር 299/1995 ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው 299/2002 ተብሎ ይጠራል። በአንዱ ዓመት የፈለገ በሌላው የተመዘገበውን አያይም። ልዩነቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት መሆኑን የውጭ አገር ሰው እንዴት ይወቀው?

ይኸው አዋጅ የተጽዕኖ ጥናት ዘገባ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ደንግጓል። የዓለም ባንክም ከ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በተከተለው መመሪያ፣ ጥቂት ከተለዩት በቀር ሰነዶቹን ያለ ክፍያ አውጥቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት አኑሯል። ስለዚህ ጥናት ጠፋ ብለን የምናማርር ሰዎች፣ በእኛ አስተያየት፣ ከግማሽ በላይ ተሳስተናል። የጠፋው ጥናቱ ሳይሆን ወደ ጥናቱ የሚወስደው ስም ነው። ነጋዴው ግን ያንኑ ሥራ እንደ ገና ለማስጠናት ለአማካሪ ይከፍላል፤ አማካሪውም አንዳንድ ጊዜ የቀድሞውን ገልብጦ ያስረክባል ይባላል።

የቡና ላኪዎቻችን ነገሩ አይመለከተንም እንዳይሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ሕግ ተፈጻሚነቱ ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ የማሳውንም መገኛ በካርታ ነጥብ ይጠይቃል። የካርታ ነጥብ የፊደል ጣጣ የለበትም። በከተማም ጥናት የሚያስመዘግብ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ነጥብ፣ የቦታውን ስም በሁለቱም ፊደል፣ ዘመኑንም በሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ገጽ ቢጽፍ የአንድ ጸሐፊ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ምክር ቤታችንም ይህን በደብዳቤ ቢጠይቅ፣ እስከዚያውም አባሎች ያገኟቸውን ጥናቶች ስም የሚያሰፍሩበት አንድ መዝገብ በጽሕፈት ቤቱ ቢከፍት እንወዳለን።

ወዳጃችን በመጨረሻ የሰፈሩን ስም ትቶ በታላቁ ወንዝ በአቃቂ ስም ሲፈልግ፣ ስለ መላው ተፋሰስ የተጻፉ ጽሑፎች አገኘ። ለሌሎችም ይህን መንገድ እንመክራለን። ስለዚያ ግቢና ስለ አጠገቡ ወንዝ ግን እስከ ዛሬ አንድም ገጽ አልተገኘም፤ የግቢው ባለቤትም ቀብዱን በየቀኑ እየጠየቀ ነው።