ቦርከና ሲሞላ ኪሳራው የማን ነው? የጎርፍ መድን፣ ተካፉል እና የወረዳዎቻችን ድምፅ

ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ በጨፋ ሜዳ ዳርና ዳር የሚኖር ገበሬ ሌሊቱን ጆሮውን ወደ ወንዙ ጥሎ ያድራል። ዝናቡ የጣለው በእርሱ ቀዬ ላይሆን ይችላል። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ ሲወርድ የደጋውን ውኃና አፈር ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ሜዳው ላይ ሲደርስ ይተኛል። በበጋ ለዞኑ ከብትና ከአፋር ለሚመጡ አርብቶ አደሮች መንጋ ግጦሽ የሚሆነው ያው ረግረግ፣ በክረምት ማሽላውንና በቆሎውን ይውጣል።

ጎርፉ ሲያልፍ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀበሌው የተጎጂዎችን ስም ይመዘግባል፣ ወረዳው ሪፖርት ይጽፋል፣ ዞኑ ለክልል ያሳውቃል። ጎረቤትና ዘመድ ያለውን ያካፍላል፣ መስጂዶች ያሰባስባሉ። ከዚያ በኋላ ዱቄትና ብርድ ልብስ ይመጣል፤ አንዳንዴም ይዘገያል። የፈረሰውን ቤት፣ የሞተችውን ላም፣ የተወሰደውን ዘር የሚተካ ግን የለም። ኪሳራው ተመልሶ በባለቤቱ ትከሻ ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ነው የመድን ጥያቄ የሚነሣው። ሙስሊም አንባቢ ደግሞ ወዲያው ሁለተኛ ጥያቄ ያስከትላል፤ «ሐላል ነው ወይ?» ይላል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ብዙ የማይነሣ ሦስተኛ ጥያቄም አለ። የጎርፍ መድን ሲመጣ ደንቡን የሚያወጣው ማን ነው? በዚያስ ውስጥ የከሚሴ ከተማ አስተዳደር፣ የደዋ ጨፋ፣ የአርጡማ ፉርሲና የጅሌ ጥሙጋ ወረዳዎች ድምፅ የት አለ?

ከሉዊዚያና የሚገኝ ትምህርት

የአካባቢ አስተዳደሮች በጎርፍ መድን ጉዳይ ማዕከላዊ መንግሥትን ሲሞግቱ ማየት ለሚፈልግ፣ ግልጹ ምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ነው። በዚያ አገር የግል ኩባንያዎች ጎርፍን መድን ማድረግ አያዋጣንም ብለው በመሸሻቸው፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1968 ብሔራዊ የጎርፍ መድን ፕሮግራም አቋቋመ። ፕሮግራሙ የቆመው በስምምነት ነው። አንድ ከተማ ወይም አውራጃ በጎርፍ ሜዳ ላይ የሚደረገውን ግንባታ በደንብ ለመገደብ ግዴታ ሲገባ፣ ነዋሪዎቹ መድኑን የመግዛት ዕድል ያገኛሉ። ከተጠየቀው በላይ የሠራ አስተዳደር፣ ማለትም ቦይ የጠረገ፣ ክፍት ቦታ ያስከበረ፣ ሕዝቡን ያስተማረ፣ ለነዋሪዎቹ እስከ 45 በመቶ የሚደርስ የዓረቦን ቅናሽ ሊያስገኝላቸው ይችላል።

ችግሩ የመጣው በዋጋው ነው። ዓረቦኑ ለረጅም ጊዜ ከእውነተኛው አደጋ በታች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ካጠፋች በኋላ ፕሮግራሙ በብድር ተዘፈቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሪቱ ምክር ቤት 16 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ቢሰርዝለትም ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቀርቶበታል። በ2012 ዋጋውን ወደ እውነተኛው አደጋ የሚያስጠጋ ሕግ ወጣ፤ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ጮኹ፣ በ2014 ሕጉ ለዘብ አለ። ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱን ቤት ለየብቻው የሚመዝን አዲስ የዋጋ ስሌት ሥራ ላይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሉዊዚያናን ጨምሮ አሥር ክፍለ ግዛቶች፣ ከብዙ የሉዊዚያና የአካባቢ አስተዳደሮችና የግድብ ቦርዶች ጋር ሆነው መንግሥትን ከሰሱ።

አቤቱታቸው ቀላል ነበር። «ስሌቱን አልገለጻችሁልንም። በገንዘባችን የሠራናቸውን መከላከያ ግድቦች በአግባቡ አልቆጠራችሁልንም። ዓረቦኑ እንዲህ ከጨመረ ሠራተኛው ሕዝብ ቤቱን ትቶ ይሄዳል፣ ከተሞቻችን ባዶ ይቀራሉ» የሚል ነው። የመንግሥት መልስም ቀላል ነበር። «የድሮው ዋጋ ሰውን ወደ አደጋ የሚጠራ ነው። በርካሽ ቤት ያለው ደሃ ውድ ቤት ላለው ሀብታም እየከፈለለት ነበር።»

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። አስተዳደሮቹ የተከራከሩት ግን ውል ስለነበራቸው ነው። ግዴታ ገብተዋል፣ ስለዚህ መጠየቅ ይችላሉ። እኛ ዘንድ ወረዳው ሪፖርት ላኪ እንጂ ተዋዋይ አይደለም።

እኛ ያለንበት

አገራችን በጎርፍ ያየችው ትንሽ አይደለም። ሐምሌ 1998 ሊያልቅ ሲል በአንድ ሌሊት ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በ2012 ማብቂያ አዋሽ ሞልቶ በአፋር ከመቶ ሺህ በላይ ሰዎችን አፈናቅሏል። ቦርከና የዚያው የአዋሽ ገባር ነው።

ለገጠሩ የታሰበው መድን ግን እስካሁን በአብዛኛው ያተኮረው በድርቅ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ በአንዲት ቀበሌ ተጀምሮ በኋላ ወደ አማራ ክልልም የገባው የዝናብ መድን፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በቦረና ለከብት የተሰጠው መድን የሚሠሩት ከሳተላይት በሚገኝ መረጃ ነው። ዝናቡ ወይም ግጦሹ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ክፍያ ይደረጋል። ይህ ለድርቅ ይመቻል፣ ድርቅ ሰፊ ነውና። ጎርፍ ግን አንዱን ማሳ ወስዶ ሃምሳ ሜትር ላይ ያለውን ይተዋል። ስለዚህ የጎርፍ መድን ከሰማይ ብቻ ታይቶ አይሠራም፤ የቀበሌውን አቀማመጥ፣ የወንዙን የቆየ መንገድ፣ የትኛው ሰፈር በየትኛው ዓመት እንደተጠለቀ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ያ እውቀት ያለው በወረዳውና በሽማግሌዎች ዘንድ ነው።

በ2017 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድ ረቂቅ አዋጅ ከተቀጣሪዎች ጭምር መዋጮ የመሰብሰብ ሐሳብ ይዞ በመምጣቱ አነጋግሮ ነበር። የዚህ ዓይነት ፈንድ አስፈላጊነት አያከራክርም። ከመድን የሚለይበትን ነገር ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከፈንድ የሚሰጠው እርዳታ ነው፤ መጠኑንና ጊዜውን ሰጪው ይወስናል። ከመድን የሚገኘው ግን መብት ነው፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ይከፈላል፣ ካልተከፈለ ይከሰሳል። የጨፋ ገበሬ ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም።

ተካፉል የሚፈታውና የማይፈታው

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 የተካፉል መመሪያ ማውጣቱ ለሙስሊሙ ትልቅ በር ከፍቷል። የሸሪዓው መሠረት አዲስ አይደለም። የኢስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ለትርፍ የሚሸጠውን የንግድ መድን ከልክሎ፣ በመተባበርና በመለገስ ላይ የቆመውን ፈቅዷል። ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ1979 ጎረቤታችን ሱዳን የመጀመሪያውን ኢስላማዊ የመድን ኩባንያ አቋቁማለች። የአሽዐሪዮች ጎሣ ስንቅ ሲያልቅባቸው ያላቸውን በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል እንደሚካፈሉ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ እንዳመሰገኗቸው በሐዲስ የታወቀ ነው። ተካፉል ያንን መንፈስ በውል ማሰር ነው። አባላት በተበሩዕ፣ ማለትም በልግስና፣ መዋጮ ያደርጋሉ፤ ኩባንያው የአስተዳደር ክፍያውን ብቻ ይወስዳል፤ ትርፍ ቢኖር የአባላቱ ነው፤ ጉድለት ቢኖር ኩባንያው ቀርድ ሐሰን፣ ያለ ወለድ ብድር፣ ይሰጣል።

ይህ የሐላሉን ጥያቄ ይመልሳል። የጎርፍን ጥያቄ ግን ብቻውን አይመልስም። ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ የወንዝ ዳርቻ የሚኖሩ 100 አባወራዎች በዓመት አንድ አንድ ሺህ ብር ቢያዋጡ 100 ሺህ ብር ይሰበሰባል። አንድ ሌሊት ወንዙ ሞልቶ የ60ዎቹን ቤት ቢያፈርስና ለእያንዳንዱ ቤት 50 ሺህ ብር ቢያስፈልግ፣ የሚጠየቀው 3 ሚሊዮን ብር ነው። ሳጥኑ ባዶ ነው። እድርም የማይቋቋመው ለዚህ ነው። እድር የአንዱን ሐዘን ሌሎች ይሸከሙታል ብሎ የተሠራ ነው፤ ጎርፍ ግን ተሸካሚዎቹንም አብሮ ይወስዳል። ኩባንያው ቀርድ ሐሰን ቢሰጥም ብድሩ ከሚመጡት ዓመታት መዋጮ ላይ ይመለሳል፤ ጎርፉ ደግሞ ሲደጋገም ብድር በብድር ላይ ይቆለላል። የአሜሪካው ፕሮግራም ወለድ ይከፍላል፣ እኛ አንከፍልም። የመቆለሉ ነገር ግን አንድ ነው።

መፍትሔው ሳጥኑን ማስፋት ነው። የከሚሴ አባል ከጅማ፣ ከሐረር፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጅግጅጋ አባላት ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ቢገባ፣ ከእነርሱም የቤት፣ የመኪናና የንግድ ተካፉል ያላቸው ቢኖሩበት፣ 10 ሺህ ሰው የሚያዋጣው አንድ አንድ ሺህ ብር 10 ሚሊዮን ይሆናል፤ ያ የ3 ሚሊዮኑን ኪሳራ ይሸከማል። ከዚያ በላይ ለሚመጣው ደግሞ በሸሪዓ የተፈቀደ የጠለፋ መድን፣ ሪተካፉል የሚባለው፣ ያስፈልጋል። ጎረቤት ኬንያ በዋጂር ለሶማሌ አርብቶ አደሮች እ.ኤ.አ. በ2013 የከብት ተካፉል ጀምራ በ2014 ክፍያ መፈጸሙ፣ ነገሩ ለከተማ ነጋዴ ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል።

ሳጥኑ ሲሰፋ ግን የሉዊዚያናው ክርክር ወደ እኛም ይመጣል። የአዲስ አበባ አባል «ለምን በጎርፍ ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው እከፍላለሁ?» ይላል። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። መልስ መስጠት የሚችለው ደግሞ ገበሬው ብቻውን ሳይሆን አስተዳደሩ ነው።

ወረዳው ምን ይዞ ይቅረብ?

የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የራሱ ምክር ቤት ያለው አስተዳደር ነው። በ1999 ቆጠራ ከ457 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረው፣ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም የሆነ ዞን ነው። ተካፉል ኩባንያ ሊመለከተው የሚገባ ገበያ ነው። ምክር ቤቱ ውሉ በሌላ ቦታ ተጽፎ እስኪመጣ ከሚጠብቅ፣ ከአሁኑ አራት ነገሮችን ቢይዝ ይበጃል።

አንደኛው የራስ ግዴታ ነው። ከሚሴ እየሰፋች ነው፤ ከተማው በፈሳሽ መንገድ ላይ ቦታ መምራት ካላቆመ፣ ቦዮች ክረምት ሳይገባ ካልተጠረጉ፣ ማንም ኩባንያ ዋጋ ሊቀንስ አይችልም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት ምላሽ ለአስተዳደርም ይሠራል። መጀመሪያ ይታሰር። ለታሰረው ግን ቅናሽ ይጠየቅ።

ሁለተኛው የላይኛው ተፋሰስ ነው። ጨፋ ላይ የሚተኛው ውኃ የወረደው ከተራቆተው ደጋ ነው። አደጋው በቤት በቤት ተመዝኖ ዋጋው በታችኛው ገበሬ ላይ ብቻ ቢጫን፣ ሰው ያላጠፋውን መክፈል ይሆናል። ዞኑ ከደቡብ ወሎ ጋር በእርከንና በደን ሥራ ላይ እንዲስማማ፣ ክልሉም ለዚያ ድርሻውን እንዲከፍል መጠየቅ ይችላል፤ የሉዊዚያና አስተዳደሮች «ግድባችን ይቆጠርልን» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሦስተኛው ማን እንደሚገባ ነው። ውሉ የመሬት ይዞታ ደብተር ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ተከራዩ፣ የእኩል አራሹና በበጋ የሚመጣው አርብቶ አደር ውጭ ይቀራሉ። ብዙ ጊዜ በዝቅተኛው ቦታ ላይ የሚኖሩት እነርሱ ናቸው። የመክፈያው ጊዜም ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ባለበት በመኸር ማግስት እንጂ በክረምት መግቢያ መሆን የለበትም።

አራተኛው ግልጽነት ነው። ስሌቱ በሕዝቡ ቋንቋ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ፣ ይገለጥ። የትኛው ቀበሌ ለምን ስንት እንደሚከፍል፣ ካሣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ቅሬታ የት እንደሚቀርብ ይታወቅ። የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት የዞንና የወረዳ መዋቅሮችም የሸሪዓውን ጎን ለማስረዳትና አደራውን ለመከታተል ከኢማሞቻችን ጋር ቦታቸውን ሊይዙ ይገባል።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ተካፉል ዘካን አይተካም። መዋጮ መክፈል የማይችለው ሚስኪን ሐቁ በሀብታሙ ገንዘብ ውስጥ አለ፤ ምናልባትም የእርሱን መዋጮ የሚሸፍንለት ሰደቃ ወይም ወቅፍ ሊታሰብ ይችላል። ይህን የሚበይኑት ዑለማዎቻችን ናቸው።

መጪው ክረምት ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ቦርከናም በመንገዱ ይወርዳል። ያኔ ወረዳው እንደ ልማዱ የተጎጂ ዝርዝር ብቻ ይዞ ይቆማል ወይስ የፈረመውን ውል? ይህ የሚወሰነው ሰማዩ ጥርት ባለበት በዚህ በበጋ ነው። ወላሁ አዕለም።