አሮጌው ሞተር እና አዲሱ ድምፅ

እናቴ የአባቴን መምጣት የምታውቀው በጆሮዋ ነበር። ደብረ ብርሃን ከሚገኘው ቤታችን በላይ ካለው ዳገት ጫፍ፣ ሞተሩ ማርሽ ሲቀንስ የሚያሰማው ሳል የመሰለ ድምፅ ገና ከሩቅ ይደርሳታል። ያን ጊዜ የያዘችውን ትታ ትነሣና ውኃ ታሞቃለች። እኛ ልጆቿም በር ለመክፈት እንሽቀዳደማለን።

አባቴ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ሞተሩን የገዙት መሥሪያ ቤታቸው አሮጌ ንብረቶቹን በጨረታ ሲሸጥ ነው፤ ሆንዳ ሲጂ 125። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ስድስት ዓመት ሸራ ለብሶ በማድ ቤቱ ጥግ ቆመ። ዶሮዎች ሰፈሩበት። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን «ወንድም ጋሼ፣ የአባባን ሞተር ላስነሣው ነው። ማርሚታው ግን በስብሷል፤ አዲስ እገጥምለታለሁ» ሲለኝ ከአፌ የወጣው ቃል «እንዳትነካው!» የሚል ነበር። ይህን የምጽፈው ያ ቃል ስሕተት እንደ ነበር ለመመስከር ነው።

ክርክሬ ከእንጀራዬ የተቀዳ ነበር። በባንክ መስኮት ተቀምጦ ለሚውል ሰው የተቀደደ ብር የዕለት እንግዳው ነው። ገበሬው ከመቀነቱ፣ ነጋዴዋ ከጉያዋ የሚያወጡት ብር በፕላስተር ተጣብቆ ይመጣል። እኔም አስቀድሜ በብሩ ላይ በሁለት ቦታ የታተመውን ቁጥር አስተያያለሁ። ቁጥሮቹ አንድ ከሆኑ ብሩ ቁስለኛ ነው፤ ይተካል። ከተለያዩ ግን ከሁለት ብሮች የተሰፋ ነውና አልቀበለውም። ታዲያ ከሁለት ሞተሮች የተሰፋ ሞተር እንዴት የአባቴ ሞተር ይባላል? ወንድሜን የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

እርሱ በቃል አልመለሰልኝም። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ የታረደ ሞተር ገዛ። «መታረድ» የመካኒኮቻችን ቃል ነው፤ በአደጋ የተጨፈለቀን ወይም መነሣት ያቃተውን ተሽከርካሪ ፈትቶ ብልቱን ለሌላው ማካፈልን ያመለክታል። ቃሉ ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን እንደ ቅርጫ ሥጋ ለብዙ ቤት የሚደርስ ነገር አለበት። የታረደው ሞተር የቻይና ሥሪት ሲሆን ሲሊንደሩ፣ ፒስተኑና የፍሪሲዮን ሸራዎቹ ሄደው በአባቴ ሆንዳ ላይ ልክ ገቡ። ይህ ተአምር አይደለም። ሲጂ 125 እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ሲቀርብ የታሰበው ዘይት በጊዜው ለማይለወጥባቸውና ጋራዥ ለራቃቸው አገሮች ነበር። በዘመኑ ሌሎች የሆንዳ ሞተሮች ላይ ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ካም ከላይ በሰንሰለት ማዞር የተለመደ ቢሆንም በዚህኛው ካሙን ወደ ታች አውርደው በዘንግ እንዲገፋ አደረጉት። ጥንካሬው ስላስወደደው በቻይና ያሉ ፋብሪካዎች ደጋግመው ቀዱት። የአንዱ ብልት ለሌላው የሚሆነው እንግዲህ የአንድ ንድፍ ልጆች ስለ ሆኑ ነው።

የማርሚታው ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ አስተማረኝ። እኔ ማርሚታን የጭስ መውጫ ቧንቧ ብቻ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ለካስ የሞተሩ የትንፋሽ ግማሽ ነው። ቫልቩ ተከፍቶ የተቃጠለው አየር በኃይል ሲወጣ ቧንቧው ውስጥ የግፊት ማዕበል ይጓዛል። ማዕበሉ ክፍት ጫፍ ሲደርስ ወደ ኋላ የሚመለሰው ስበት ሆኖ ነው። የቧንቧው ርዝመትና ስፋት ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከተስማማ፣ ያ ስበት ቫልቩ ሳይዘጋ ደርሶ የቀረውን ጭስ መጥጦ ያወጣል፤ አዲሱ አየርም በቦታው ይገባል። ስለዚህ ማርሚታ የለወጠ ሰው ካርቡራቶሩንም መጠየቅ አለበት። አየር በዝቶ ቤንዚን ካነሰ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላልና።

እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ከፍታ አገዘን። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ አገር በተለካ ካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል። አባቴ በየጊዜው ካንዴላ እየፈቱ ጥላሸቱን በሽቦ ብሩሽ ሲጠርጉ አስታውሳለሁ። አዲሱ ማርሚታ አየሩን ቢያበዛው የቆየው ትርፍ ቤንዚን ተመጣጠነለት። ከሳምንት በኋላ ወንድሜ ካንዴላውን ፈትቶ አሳየኝ፤ ጥቁሩ ጥላሸት ጠፍቶ የተቆላ ቡና ቀለም ይዟል። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠረጉት ጥላሸት ነበር።

«ኦሪጅናሉ ይጠበቅ» የሚሉትን አልንቃቸውም። አንድ ዕቃ እንደ ተሠራ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከጠፋ አይመለስም። ይሁንና ቅይጥ ሁሉ ውርደት አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ወጣቶች የኖርተንን ሻንሲ ከትራያምፍ ሞተር ጋር አጋብተው «ትራይተን» አሉት። ሻንሲው የቤልፋስቱ ሬክስ ማክካንድለስ ንድፍ ሲሆን በመንገድ ላይ እንደ ላባ ፍራሽ ይመቻል ተብሎ በዚያው ስም የተጠራ ነው። የትራያምፍ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ በጉልበቱና በቀላል ጥገናው የተወደደ ነበር። ከሁለቱ ፋብሪካዎች አንዳቸውም ያልሠሩት ይህ ዲቃላ እ.ኤ.አ. በ1965 የባርሴሎናን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፏል። ዛሬ ራሱን ችሎ እንደ ቅርስ ይፈለጋል።

ደግሞስ እኛ የቋንቋ ወዳጆች ቅይጥን የምንጠየፈው በምን አፋችን ነው? ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የታረዱ ናቸው። ጋራዥ ውስጥ ገብተው ጥርሳቸውን አስተካክለው፣ በእኛ ሰዋስው ዘይት ተቀብተው ይኸው ይዞራሉ። አማርኛም አማርኛ መሆኑን አልተወም።

ወደ ብሩ ልመለስ። አሁን ልዩነቱ ይታየኛል። የብር ዋጋው ነኝ ያለውን መሆኑ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። የሞተር ዋጋው ግን መሄዱ ነው። እውነትና ሐሰት የሚጣሉበት ቦታ ሞተሩ ሳይሆን ሊብሬው ነው። ስለዚህ ለእድሳት ሦስት ሕግ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ የማይመለስ ነገር አለማድረግ ነው። ብሎን ይፈታል፤ ሻንሲ ግን አይቆረጥም። ወንድሜ የበሰበሰውን ማርሚታ እንኳ አልጣለውም፤ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ሁለተኛው፣ በወረቀት አለመዋሸት ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥር የተቀረጸበትን ብረት የለወጠ ሰው ያስመዝግብ፤ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ብልትም አይግዛ። በርካሽ የተገኘ ዕቃ የሌላ ቤት እንባ ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛው፣ የጎረቤትን እንቅልፍ አለመስረቅ ነው። የማርሚታውን ድምፅ ማፈኛ አውጥቶ ሰፈር የሚያናውጥ ሰው ያደሰው ሞተሩን አይደለም፤ ትዕቢቱን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አልተመለሰም፤ ድምፁ። አዲሱ ማርሚታ አይስልም፤ ወፈር ብሎ ያጉረመርማል። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዳገቱ ሲወርድ እናቴ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። በሩ ላይ ደርሶ ሲያጠፋው ብቻ ቀና ብላ «ማነው?» አለች። ያን ማታ እውነትም አንድ ነገር ሰርቀናት እንደ ሆነ ተሰማኝ። ወንድሜም ራቱን ሳይጨርስ ተኛ።

ወር ያህል ቆይቼ ለበዓል ስመለስ ከእርሷ ጋር ጀበና ዙሪያ ተቀምጠን ነበር። እኔ ምንም አልሰማሁም። እናቴ ግን ሲኒውን አስቀምጣ ተነሣች።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«ውኃ ላሙቅ ነዋ። ልጁ ዳገቱ ላይ ደርሷል።»

የወደቀው ሰጠ፣ ያረጀው ተቀብሎ፣
መንገዱ አይቋረጥ አንድ ሰው ሄደ ብሎ።
ድምፁ ሌላ ቢሆን ዳገቱ ግን ያው ነው፣
ውኃ የሚሞቀው ለሚመጣ ሰው ነው።